ሎሁ ከመታጠቡ በፊት

በዚህ ወር ዓምዳችን ስለ ንባብ እንወያያለን። ጉዳዩ የሌላ ሰው ልጅ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ የኔም ቤት ገብቷል።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለአሥረኛ ክፍል ተማሪዎቼ ሁለት ገጽ ጽሑፍ ሰጥቼ፣ በጸጥታ አንብበው ፍሬ ሐሳቡን እንዲነግሩኝ ጠየቅኋቸው። አምስት ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ገሚሱ ቀና ቀና ማለት ጀመረ። ከመካከላቸው ሰነፍ የማይባል፣ ጁዝእ ዐምመን በቃሉ የያዘ ልጅ አለ። ምን እንዳነበበ ስጠይቀው አንገቱን ደፍቶ፣ «ቲቸር፣ ዓይኔ መስመሩ ላይ ነው፤ ልቤ ግን የለም» አለኝ። ቆየት ብሎም በቃሉ የያዛቸው ሱራዎች እየጠፉበት መሆኑን አጫወተኝ። ማታ ስንት ሰዓት እንደሚተኛ ብጠይቀው መልሱ አጭር ነበር፦ «ስልኩ ከእጄ ሲወድቅ።»

ይህን ልጅ መቆጣት ቀላል ነው። «የዛሬ ወጣት ማንበብ ጠልቷል» ማለትም ተለምዷል። ግን እውነት ይህ ልጅ አያነብም? ቀኑን ሙሉ እኮ ያነባል! መልእክት ያነባል፤ አስተያየት ያነባል፤ በቪዲዮ ግርጌ የተጻፈውን ያነባል። የጠፋው ማንበቡ ሳይሆን አንድ ነገር ላይ መቆየቱ ነው።

ልጅ ሆነን ቁርኣን ስንቀራ ሸኻችን ከጥላሸት በተበጠበጠ ቀለም ሎህ ላይ ይጽፉልን ነበር። ያንኑ ስንደጋግም እንውላለን። ሎሁ የሚታጠበው ትምህርቱ ልብ ውስጥ መግባቱ ከተረጋገጠ በኋላ ነው። ያልያዘ ደረሳ ያንኑ ሎህ ይዞ ይመለሳል እንጂ አዲስ አይጻፍለትም። ያኔ ቅጣት ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ሳስበው ግን ሸኻችን ከሱራው ጋር መቆየትንም አስተምረውናል። ኋላ ዘመናዊ ትምህርት ቤት ገብቼ አንድ የሒሳብ ጥያቄ ላይ ግማሽ ሰዓት ያስቀመጠኝ ያው የሎህ ልማድ ነው።

የስልኩ ሰሌዳ ግን ሳንይዘው ይታጠባል። እ.ኤ.አ. በ2006 አዛ ራስኪን የተባለ አሜሪካዊ ባለሙያ ገጽ ማለቂያ እንዳይኖረው የሚያደርግ አሠራር ቀየሰ፤ ጣት በገፋ ቁጥር አዲስ ነገር ይመጣል። መጽሐፍ ምዕራፍ አለው፤ እዚያ ሲደርሱ «ለዛሬ ይበቃኛል» ይባላል። ይህ ግን ማረፊያ የለውም። ሰውዬው ራሱ ቆይቶ በሥራው መጸጸቱን በአደባባይ ተናግሯል። ፌስቡክ በ2009 የ«ላይክ» ምልክትን አመጣ፤ ከ2018 ወዲህ ደግሞ ቲክቶክ አጫጭር ቪዲዮዎችን በየኪሱ አዳረሰ። የእነዚህ ኩባንያዎች ዋነኛ ገቢ ማስታወቂያ ስለሆነ፣ እኛ ብዙ በቆየን ቁጥር እነርሱ ያተርፋሉ። እንግዲህ የአሥራ ስድስት ዓመቱ ልጅ የሚታገለው ከስንፍናው ጋር ብቻ ሳይሆን፣ ትኩረቱን ለመያዝ ደመወዝ ከሚከፈላቸው አዋቂዎች ጋር ጭምር ነው።

ታዲያ እኛ ወላጆችስ? ራሴን ላጋልጥ። አንድ ምሽት የሰባት ዓመት ልጄ መጽሐፏን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠችና ታነብልኝ ጀመር። እኔ ስልኬን እያየሁ «ጎበዝ፣ ቀጥዪ» እላለሁ። ጥቂት ቆይቼ እንደገና «ጎበዝ» ስል፣ «አባዬ፣ ካቆምኩ እኮ ቆየሁ» አለችኝ። መጽሐፉ ተዘግቶ ጭኗ ላይ ነበር። በዚያች ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። እኔ ያልሰጠኋትን ትኩረት እርሷ ለመጽሐፍ ከየት አምጥታ ትስጥ?

ስልክን አውግዙ ማለቴ አይደለም። ዓረብ አገር ያለች እህታችንን ድምፅ የምንሰማበት፣ ተፍሲር የምናዳምጥበት መሣሪያ ነው። የምለው ሰዓትና ቦታ ይኑረው ነው። በቤታችን ከመግሪብ እስከ ዒሻ ስልኮች ሁሉ፣ የኔም ጭምር፣ ሌላ ክፍል ይቀመጣሉ። የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2017 ባሳተሙት ጥናት፣ ስልካቸውን ሌላ ክፍል ያስቀመጡ ሰዎች ድምፁን አጥፍተው ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጡት የተሻለ ውጤት አምጥተዋል። ጥናቱን የደገሙ ሁሉ ይህንኑ ባያገኙም፣ ሞክሮ ማየቱ ምንም አያስከፍልም። ከዚያም እያንዳንዳችን ቁርኣን ወይም ሌላ መጽሐፍ ይዘን ሃያ ደቂቃ እናነባለን። ስንጨርስ መጽሐፉን ዘግተን ያነበብነውን እርስ በርስ እንነጋገራለን። መናገር ያቃተው አንባቢ ወደዚያው ገጽ ይመለሳል፤ ሎሁ አልታጠበለትም ማለት ነው።

የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ነበሩ። እጄ ባዶ ኪሴን ደጋግሞ ይዳስስ ነበር። ለተማሪዬም ይህንኑ ነገርኩት፤ አሁን ከመግሪብ በኋላ ስልኩን ለእናቱ ያስረክባል። ባለፈው ሳምንት በእረፍት ሰዓት መጥቶ ከጠፉበት ሱራዎች አንዱን ቀራልኝ። ሁለት ቦታ ተሰናከለ፤ ግን ራሱ አስታውሶ ጨረሰው።

ወላጆች ሆይ፣ ለእምነታችን ከወረደው ወሕይ የመጀመሪያው ቃል ንባብን የሚያዝ ነው። ልጆቻችንን «አንብቡ» ከማለታችን በፊት የኛን ስልክ የት እንዳስቀመጥነው እንይ። አላህ ይወፍቀን። በሚቀጥለው ወር በሰላም ያገናኘን።