የአዘጋጁ ማስታወሻ፦ አንድ አበባ፣ ብዙ መልክ



ይህ እትም የፒዮኒ ነው። ፒዮኒ ለማበብ ሳምንታት የሚዘልቅ ጽኑ ብርድ ስለሚፈልግ አገር ቤት ላላችሁ ስሙ እንግዳ ሊሆን ይችላል። አሜሪካና አውሮፓ ያላችሁ ግን በግንቦት በአበባ መሸጫዎች ሳታዩት አትቀሩም።

«ፌስቲቫ ማክሲማ» የተባለውን ዝርያ ቀረብ ብላችሁ እዩት፤ ነጭ ነው ስትሉ፣ መሐሉ ላይ ደም የተንጠባጠበበት የሚመስል ቀይ ጠብታ ታገኛላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1851 ፈረንሳይ ውስጥ ወጥቶ እስከ ዛሬ ይተከላል። «ኮራል ቻርም» ሲፈነዳ ብርቱካንማ ሮዝ ነው፤ በጥቂት ቀናት ፈዝዞ ቅቤ ይመስላል። ስለዚህ አንዱ ቁጥቋጦ ሁለት ሦስት ቀለም ይዞ ይቆማል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው።

ድርብርቦቹ አበቦች ያን ያህል የሚወፍሩት የአበባ ዱቄት ተሸካሚዎቹ ክሮች ራሳቸው ወደ አበባ ቅጠልነት ስለሚለወጡ ነው።

በውስጥ ገጾች ስለ ጃፓናዊው ቶይቺ ኢቶ ታነባላችሁ። በየዓመቱ በብርድ ወቅት እስከ መሬት የሚደርቀውን ፒዮኒ እንጨታማ ግንድ ካለው ጋር ለማዳቀል ብዙ ጊዜ ሞክሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1948 ተሳካለት። ችግኞቹ ሲያብቡ ግን አላየም፤ በ1956 አረፈ። ዛሬ ዲቃላዎቹ በስሙ ይጠራሉ።

ለመትከል ያሰባችሁ አደራ፣ የሥሩን እንቡጦች ከአምስት ሳንቲ ሜትር በላይ አትቅበሩ። ጠልቆ የተተከለ ፒዮኒ ቅጠል እንጂ አበባ አይሰጥም።