«አቦ ተወው፣ ይሠራል!»

ድሬዳዋ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አንድ ፋብሪካ ሰርቨሩን እንዳይለት ጠራኝ። ሊኑክሱ አፕዴት ከተደረገ ዓመታት አልፈዋል፤ ሱዶም የድሮው ነው። «ይሄ ዛሬውኑ ይታደስ» ስል፣ «አቦ ተወው! ይሠራል አይደል?» አሉኝ።

አዎ ይሠራል። ለሌባም ይሠራል።

ሱዶ ተራ ተጠቃሚ በፈቃድ የአስተዳዳሪን ሥልጣን የሚዋስበት መሣሪያ ነው። በ2003 ዓ.ም. የገባበት ስህተት እስከ ጥር 2013 ተደብቆ ኖረ። ትእዛዝ መጨረሻ ላይ በምትቀመጥ አንዲት ባክስላሽ ሰበብ፣ ማሽኑ ላይ የገባ ማንኛውም ተጠቃሚ ያለ ፈቃድ ሙሉ ሥልጣን መያዝ ይችል ነበር። የኳሊስ ባለሙያዎች አገኙት፤ ይፋ በሆነበት ቀን ማስተካከያው ወጣ። ያውም በነፃ!

ኮዱን የሚጠግኑት ድርሻቸውን ተወጥተዋል። ያልተጫነ ማስተካከያ ግን ያልተዋጠ መድኃኒት ነው።

«ምርት ይቆማል» ትሉኛላችሁ። ስጋቱ ይገባኛል። ባክአፕ ያዙ፣ መጀመሪያ አንድ ማሽን ላይ ሞክሩ፣ እሁድ ጫኑት። ለበሩ ቀንና ሌሊት ዘበኛ የሚቀጥር ፋብሪካ ለሰርቨሩ ግማሽ ሰዓት ከነፈገ፣ ይሄ ቁጠባ ሳይሆን ስንፍና ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል። ቅጠሉን ደግሞ ሌሎች ቆርጠው አቀብለውናል።