በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ተጓዦች

እህቴ፣ ዓርብ ከሰዓት በኋላ በመስኮት ቁልቁል ስታዪ፣ ባዶው የመኪና ማቆሚያ ላይ የፓኪስታን፣ የሕንድና የባንግላዴሽ ሠራተኞች ፕላስተር የተጠቀለለበትን የቴኒስ ኳስ በጠፍጣፋ እንጨት ሲመቱ አይተሽ ይሆናል። ጨዋታው ክሪኬት ይባላል። ለእኛ ባዕድ ነው፤ እኔም ስንት ዓመት እያየሁት ሕጉ በደንብ አልገባኝም። ዛሬ የማወራሽ ግን ስለ ጨዋታው ሳይሆን፣ እሱን ተከትለው አገር ስለሚያቋርጡ መንገደኞች ነው።

በፈረንጆቹ 2019 መጨረሻ የእንግሊዝ ቡድን ለግጥሚያ ደቡብ አፍሪካ ገባ። ደጋፊዎቹም መለከትና ዘፈናቸውን ይዘው በሺዎች ተከተሉት። አንዱ ግጥሚያ እስከ 5 ቀን ይቆያል። ሲያልቅ ቦርሳ ታዝሎ ወደ ሌላ ከተማ ጉዞ ነው። መጀመሪያ ሴንቹሪዮን፤ ቀጥሎ ተራራው ከስታዲየሙ ጀርባ ቀጥ ብሎ የሚታይባት ኬፕታውን፤ ከዚያ ባሕሩን ይዞ 750 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ተመልካቹ በባንድ ሙዚቃ የሚጨፍርባት ፖርት ኤልዛቤት፤ መጨረሻ ጆሃንስበርግ። ገንዘብ ያጠረው በጋራ መኝታ ቤት ተደራራቢ አልጋ ላይ ያድራል፣ በአውቶቡስ ይሄዳል። የእንግሊዝ ፓስፖርት የያዘ ሰው ለጉብኝት 90 ቀን ያለ ቪዛ ይገባል፤ ማህተም ይመታለታል፣ ያልፋል። ቀንቼባቸዋለሁ፣ አልዋሽሽም። ግን ጥፋት የለባቸውም።

የመጨረሻው የ5 ቀን ግጥሚያ ጃንዋሪ 27 ቀን 2020 አበቃ፤ እንግሊዝ 3 ለ 1 አሸነፈች። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ ማርች 24፣ ጎረቤት ሞዛምቢክ ውስጥ ቴቴ በሚባለው ክፍለ ሀገር ከማላዊ የመጣ የጭነት መኪና ለፍተሻ ቆመ። ኮንቴይነሩ ሲከፈት 64 ሰዎች ታፍነው ሞተዋል፤ በሕይወት የተገኙት 14 ብቻ ነበሩ። የእኛ ልጆች ናቸው። በ2022 ደግሞ ማላዊ ምዚምባ ጫካ ውስጥ የጅምላ መቃብር ተገኘ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ዛምቢያ ውስጥ፣ ሉሳካ ዳርቻ፣ 27 አስከሬኖች መንገድ ዳር ተጥለው ታዩ። እነዚህም ኢትዮጵያውያን እንደሆኑ ነው የተነገረው።

ይህን የምጽፍልሽ ለምን እንደሆነ ሳይገባሽ አልቀረም። ከሆሳዕናና ከአካባቢው ከሆንሽ፣ ሴት ልጅ ወደ ዐረብ አገር፣ ወንድ ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሸኝባቸውን ቤቶች ከእኔ ይልቅ አንቺ ታውቂያቸዋለሽ። የደላላው ብርስ ከየት ይወጣል? አንድ ጊዜ ስለ ቀረ ደሞዝ ከአሠሪዋ ጋር ያስተረጎምኩላት እህት እጅግ ተጣድፋ ነበር። ምን እንደሆነች ስጠይቃት፣ «ወንድሜ ሞያሌ ደርሷል፤ ቀሪውን ካልላክሁ አያሻግሩትም» አለችኝ። ማዳም የከለከለቻትን ደሞዝ ያስለቀቅንላት፣ እሷም እኔም ሳናውቀው፣ ለዚያ መኪና እንዳይሆን ብዬ ስንት ሌሊት አሰብኩ።

መንገዱ አንድ ነው። አንዱ በአውቶቡስ ወንበር ላይ ተቀምጦ ተራራ እያየ ያልፍበታል፤ ሌላው ከውጭ በተቆለፈ ብረት ውስጥ። የሚለያቸው ፓስፖርቱና ቪዛው ነው። የኬንያ፣ የታንዛኒያ፣ የማላዊና የሞዛምቢክ መንግሥታት ከእኛው መንግሥት ጋር ተነጋግረው ወጣቱ በሕጋዊ ቪዛ የሚሠራበትን በር መክፈት ነበረባቸው፤ ደቡብ አፍሪካም እንዲሁ። አልከፈቱም። በሩ እስኪከፈት የደላላው ኪስ የሚሞላው በአንቺ ላብ ነው።

አሁን ደግሞ አዲስ ወሬ ሊመጣ ይችላል። በፈረንጆቹ 2027 ኦክቶበርና ኖቬምበር የክሪኬት የዓለም ዋንጫ በደቡብ አፍሪካ፣ በዚምባብዌና በናሚቢያ ይካሄዳል። ደላላ «በጨዋታው ሰበብ ድንበሩ ክፍት ነው፣ ትኬት ገዝተን እናስገባዋለን» ቢልሽ፣ የስታዲየም ትኬት ቪዛ አይደለም። ቪዛ የሚሰጠው የአገሩ ኤምባሲ ነው፤ ኤምባሲው ደግሞ አዲስ አበባ አለ፣ ሄዶ መጠየቅ ይቻላል።

ወንድምሽን «አትሂድ» በይው ማለት ቀላል ነው፤ አንቺም ተብለሽ መጥተሻል። ግን ብር ከመላክሽ በፊት፣ ዛሬ ማታ ስትደውዪ ለደላላው ሳይሆን ለራሱ ለወንድምሽ ይህን ጠይቂው፦ ፓስፖርትህ በእጅህ ነው ወይስ በሰው እጅ? ቪዛው በየትኛው ገጽ ላይ ተመታ? የምትሳፈርበት መኪና መስኮት አለው?