ሕመሟን ችላ ስለምታጠባ እናት

በአዊ ምድር ካለው ከዘንገና ሐይቅ ዙሪያ መንደሮች ተነሥተን በእንጅባራ በኩል እስከ ዳንግላ ድረስ ብንዘልቅ፣ ገና በአራስ ቤት ያለች ወይም ወልዳ የተነሣች እናት ራሷን ሲፈልጣት፣ ወገቧን ሲቆርጣት፣ ወይም ጡቷ አብጦ ብርድ ብርድ ሲላት፣ «መድኃኒት ብውጥ ወደ ወተቴ ገብቶ ልጄን ይጎዳብኛል» ብላ ሥቃይዋን በአርምሞ ስትሸከም ማየት ብርቅ አይደለም። ይህ ፍርሃት ከፍቅር የተወለደ ስለ ሆነ ሊነቀፍ አይገባውም፤ ዳሩ ግን በመድኃኒት ሁሉ ላይ ያለ ልዩነት ስለ ወደቀ፣ ሊፈራ የማይገባውን እየፈራ ሊፈራ የሚገባውን ዝም ብሎ ሲያሳልፍ አየዋለሁና፣ ስለዚሁ ነገር ጥቂት መጻፍን ወደድሁ።

በገበያ ቀን ያገኘኋት አንዲት የዘንገና አካባቢ እናት፣ ልጇን በአንቀልባ አዝላ፣ የተሰጧትን ሁለት ፍሬ ፓራሲታሞል በነጠላዋ ጫፍ ቋጥራ ይዛቸው ትዞር ነበር። «እኅቴ፣ ራስሽን እያመመሽ ለምን አልዋጥሻቸውም?» ብላት፣ «ልጁ ትንሽ ጠንከር እስኪል ልታገሠው ብዬ ነው፤ ለእኔስ ያልፋል» አለችኝ። ያ ሕፃን ነገ ቢያተኩሰው ሐኪም የሚያዝለት ያንኑ ፓራሲታሞል በሽሮፕ መልክ በጥብጦ መሆኑን፣ በወተቷም በኩል የሚደርሰው መጠን ለሕፃን በቀጥታ ከሚታዘዘው እጅግ ያነሰ መሆኑን የነገራት አንድም ሰው አልነበረም።

እናት የዋጠችው መድኃኒት ከአንጀት ወደ ደም ይገባል፤ ከደምም ከፊሉ ወደ ወተት ይሻገራል፤ የሚሻገረው መጠን ግን እንደ መድኃኒቱ ጠባይ ይለያያል። አይቡፕሮፌን የሚባለው ማስታገሻ በደም ውስጥ ካለው ፕሮቲን ጋር አጥብቆ ስለሚጣበቅ፣ ወደ ወተት የሚያልፈው እናቲቱ ከወሰደችው ከመቶ አንድ እጅ እንኳ አይሞላም። የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2002 ስለ አጥቢ እናቶች መድኃኒት ባወጡት መመሪያ፣ ፓራሲታሞልም አይቡፕሮፌንም ከማጥባት ጋር የሚስማሙ ተብለው ተመዝግበዋል። ይህ ማለት ግን እንደ ቆሎ ይቃሙ ማለት አይደለም፤ ባለ 500 ሚሊግራሙን ፓራሲታሞል ጤናማ ዐዋቂ ሰው በአንድ ቀንና ሌሊት ከ8 ፍሬ በላይ ሊወስደው አይገባም፤ አይቡፕሮፌንም የጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባት ሴት አይሆንም። አስፕሪንን ደግሞ የምታጠባ እናት ለሕመም ማስታገሻነት ባትወስደው ይሻላል።

እንግዲህ እውነተኛው ምክንያተ ፍርሃት ያለው ከዚህ ወዲያ ነው። ኮዴንና ትራማዶል የሚባሉት ጠንካራ ማስታገሻዎች በጉበት ውስጥ ባለ አንድ ኢንዛይም አማካይነት ወደ ሌላ፣ ይበልጥ ወደ በረታ ንጥረ ነገር ይለወጣሉ፤ ኮዴን የሚለወጠው ወደ ሞርፊን ነው። ይህ ኢንዛይም በአንዳንድ ሰዎች ዘንድ ከልክ በላይ ፈጣን ስለሚሆን፣ ሌላውን ሰው የማይጎዳው መጠን በእነርሱ ደም ውስጥ፣ ከዚያም በወተታቸው ውስጥ፣ ያልታሰበ ብርታት ያገኛል። በስዊድን የካሮሊንስካ ተቋም ተመራማሪ የሆነችው እሌኒ አክሊሉ ከባልደረቦቿ ጋር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1996 ባሳተመችው ጥናት፣ ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን መካከል ከመቶው 29 ያህሉ የዚህ ኢንዛይም ዘረ መል ከወትሮው በላይ ተደጋግሞ የሚገኝባቸው መሆኑ ታይቷል፤ በስዊድናውያን ዘንድ ግን ይህ ከመቶ ከአንድ ወይም ከሁለት አይበልጥም። ስለዚህ ነገሩ ከሩቅ አገር የመጣ ወሬ ሆኖ የሚታለፍ አይደለም፤ ከብዙዎች ይልቅ የእኛን እናቶች የሚመለከት ነው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2017 የሚያጠቡ እናቶች ኮዴንንም ትራማዶልንም እንዳይወስዱ ያስጠነቀቀው በዚሁ ዓይነት ምክንያት ነው። በቀዶ ሕክምና ወልዳ ትራማዶል የታዘዘላት እናት በድንጋጤ ጡት አታስጥል፤ ሐኪሟን ሌላ ማስታገሻ እንዲለውጥላት ትጠይቅ፤ ሕፃኑ ከወትሮው ይልቅ እንቅልፍ ቢያበዛ፣ መጥባት ቢያቅተው፣ ሰውነቱ ቢዝል ወይም ትንፋሹ ቢዘገይ ግን ሳትውል ሳታድር ወደ ሆስፒታል ትውሰደው።

ሥቃይን ችሎ መኖርም ቢሆን ያለ ዋጋ አይደለም። ሕመምና ጭንቀት ወተት እንዲወርድ የሚያደርገውን ሆርሞን ስለሚያውኩ፣ ለልጇ ብላ የታገሠች እናት ወተቷ ሊዘገይባት ይችላል፤ ጡቷ ያበጠባትም ሕመሙን ፈርታ ማጥባቱን ብታቋርጥ ወተቱ ተቋጥሮ እብጠቱ ይብስባታል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በተደረገው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት፣ ከ6 ወር በታች ከነበሩት ሕፃናት የእናት ጡት ብቻ ይጠቡ የነበሩት ከመቶ 58 ነበሩ፤ እንዲህ ከሚጠቡት ውስጥ አንድ እንኳ በከንቱ ፍርሃት የተነሣ ወደ ላም ወተት እንዲዛወር ልንፈቅድ አይገባንም።

ታዲያ ጥፋቱ የማን ነው ቢሉ፣ በእናቶቹ ላይ አልጥለውም። በብዙ መድኃኒት ቤት ባለሙያው የክኒኑን ቅጠል በመቀስ ቆርጦ ሁለት ሦስት ፍሬ ያቀብላል፤ በመቀሱም የመድኃኒቱ ስምና የሚያበቃበት ቀን አብረው ይቆረጣሉ። በካርቶኑ ውስጥ ያለው ወረቀት በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሲሆን ገዢዋ የምትናገረው የአዊዎችን ቋንቋ አውኝኛን ነው፤ ወረቀቱ ቢደርሳትም ባልጠቀማት ነበር። ፊት ለፊቱ ሕፃን አዝላ የቆመችን ሴት «ታጠቢያለሽ ወይ?» ብሎ ሳይጠይቅ፣ ያውም ያለ ሐኪም ማዘዣ ሊሰጥ የማይገባውን ትራማዶል የሚያቀብል ሰው ግን ሙያውን እንዳጎደለ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

በአዊ ምድር የነፍስ አባት ቃል በእናቶች ዘንድ ከሐኪም ቃል ባላነሰ ይሰማል። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን ማክበርን፣ መድኃኒትንም የፈጠረው እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራልና፣ ካህናት አራስን ሲጎበኙ ይህን ቢያስታውሷት፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም በየቤቱ ሲዞሩ የትኛው ማስታገሻ እንደሚስማማ፣ የትኛውም እንደሚያሰጋ በአውኝኛ ቢያስረዷት ብዙ ሥቃይ ይቀር ነበር። ባለ መድኃኒት ቤቶችም መቀሱን ከማንሣታቸው በፊት ያችን አንዲት ጥያቄ ይጠይቁ፤ የመድኃኒቱን ስምና አወሳሰዱንም ገዢዋ በምትረዳው ቋንቋ ጽፈው ይስጡ። አንቺም እኅቴ፣ ከመድኃኒት ቤት ደጃፍ ስትደርሺ ሕመምሽን ከመናገርሽ አስቀድመሽ «አጠባለሁ» በዪ፤ ትራማዶል ወይም ኮዴን ቢሰጡሽም ሌላ እንዲለውጡልሽ ጠይቂ።