ራውተር ከመግዛታችን በፊት

ቤት ውስጥ ኢንተርኔት ሲቆም ሁላችንም አፍ ላይ የሚመጣው አንድ አባባል ነው፤ «ኔትወርክ የለም»። አዳፕተር ሲደክም ኔትወርክ የለም። የወሩ ክፍያ ሲያልፍም ኔትወርክ የለም። ራውተሩ በሙቀት ሲፈዝ፣ ከውጭ የሚመጣው ገመድ ውሃ ሲያስገባ፣ ልጁ ሦስት ግድግዳ አልፎ ሰርቪስ ቤት ሲቀመጥ፣ ሁሉም ያው ኔትወርክ የለም ነው። ከዚያስ? አባት ኪሱን ይዳብሳል፣ ልጅ መርካቶ ይላካል፣ አዲስ ራውተር ይገዛል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ «ኔትወርክ የለም» ተመልሶ ይመጣል። በእኔ እምነት ብዙ ቤተሰብ ራውተር የሚቀይረው ራውተሩ ስለተበላሸ ሳይሆን፣ የተበላሸውን ነገር ለይቶ የሚነግረው ሰው ስላጣ ነው።

ጉዳዩ እኛን በቀጥታ ይመለከተናል። በየሰፈሩ «ኮምፒውተር የሚማረው ልጅ» እየተባልን የምንጠራው እኛው ነን። ሄደን «ይሄ አሮጌ ነው፣ ይቀየር» ማለት ቀላል ነው፤ ብሩ የሚወጣው ግን ከእኛ ኪስ አይደለም። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምለው አንድ ነገር ነው፦ ሳይለኩ ማስገዛት ይቅር።

ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ችግሩ ከግቢ ውጭ ነው ወይስ ግቢ ውስጥ?» የሚል ነው። ለዚህ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በቅድሚያ መብራቶቹን እንይ። በፋይበር መሣሪያ ላይ ኤል.ኦ.ኤስ የሚል ምልክት ያለው መብራት ቀይ ከሆነ ብርሃኑ በፋይበሩ በኩል አልደረሰም ማለት ነው። በስልክ መስመር ለሚሠራው ደግሞ የዲ.ኤስ.ኤል መብራት ያለማቋረጥ ብልጭ ድርግም ካለ መስመሩ አልያዘም። በሁለቱም ጊዜ የሚጠራው አገልግሎት ሰጪው እንጂ ራውተር ሻጩ አይደለም።

መብራቶቹ ደህና ከሆኑ ላፕቶፕ በገመድ ከራውተሩ ጋር ይገናኝ። በገመድ ደህና ሠርቶ በዋይፋይ ከዘገየ ችግሩ አየር ላይ ነው። በገመድም ከዘገየ ግን አንቴና ማዟዟር ከንቱ ድካም ነው። ቀጥሎ በክፍል የተማርነውን ፒንግ እናውጣው። መጀመሪያ ራውተሩን ራሱን፣ ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ ከዚያ 8.8.8.8ን፤ በመጨረሻ የአንድ ድረ ገጽ ስም። ራውተሩ መልሶ 8.8.8.8 ዝም ካለ እንከኑ ከራውተሩ ወደ ውጭ ባለው መንገድ ላይ ነው። 8.8.8.8 መልሶ ስሙ እምቢ ካለ ደግሞ የዲ.ኤን.ኤስ ጉዳይ ነው፤ ይህም ያለ አንድ ሳንቲም የሚስተካከል ቅንብር ነው። ይኼ ሁሉ አሥር ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ። አጥፍቶ ማብራትና ሪሴት ለየቅል ናቸው። ከጀርባ ባለችው ትንሽ ቀዳዳ መርፌ አስገብቶ አሥር ሰከንድ መጫን የራውተሩን ቅንብር በሙሉ ይደመስሳል። መስመሩ በመለያ ስምና በይለፍ ቃል የሚከፈት ከሆነ እነዚያም አብረው ይጠፋሉ። ወረቀቱ ደግሞ ከሦስት ዓመት በፊት ጠፍቷል! ስለዚህ መርፌው የመጨረሻ እንጂ የመጀመሪያ መፍትሔ አይሁን።

ብዙ ጊዜ የምንረሳው ተጠርጣሪ አዳፕተሩ ነው። ባለፈው ዓመት በሰፈራችን የሚኖሩ አንዲት እናት «ልጄ፣ ይሄ ዕቃ አርጅቷል መሰለኝ፣ ማታ ማታ ራሱን እያጠፋ ያበራል» አሉኝ። ልጃቸው ከአረብ አገር የምትደውልላቸው በዚሁ ዋይፋይ ነው፤ የምትደውለውም ከሥራ የምትፈታበት ሰዓት ሆኖ ማታ ነው። ከዕቁብ ከደረሳቸው ላይ ለአዲስ ራውተር ለይተው አስቀምጠው ነበር። አዳፕተሩን በሜትር ስለካው ባዶውን 12 ቮልት ያሳያል፤ ራውተሩ ሥራ ላይ ሲሆን ግን ከ10 በታች ይወርዳል። ማታ የየቤቱ ምጣድና ምድጃ ሲበራ የሰፈሩም ኃይል ስለሚዳከም የደከመው አዳፕተር ጨርሶ ይረታል። በሌላ አዳፕተር ተተካ፤ ራውተሩ ዛሬም ያው አሮጌው ነው። አዳፕተር ሲተካ ቮልቱና የጫፉ ፖላሪቲ አንድ ዓይነት፣ አምፒሩ እኩል ወይም የሚበልጥ መሆን አለበት። ገንዘቡን አውጥተው ቢሆን ኖሮ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሆንባቸው ነበር።

ሌላው ቦታው ነው። በብዙ ቤት ራውተር የሚቀመጠው ቡፌ ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ነው፤ እላዩ ላይም ዳንቴል ይደረብለታል። እናቶቻችን ለጌጥ ያደረጉት ለራውተሩ ብርድ ልብስ ነው። ሙቀት ደሞ በውስጡ ያሉትን ካፓሲተሮች ዕድሜ ያሳጥራል። ብሎኬት ሲግናሉን ይቀንሳል፣ ብረት ያለበት ኮንክሪት የበለጠ ይቀንሳል፣ ቆርቆሮ ግን መልሶ ይወረውረዋል። ከፍ ባለ፣ ገላጣ በሆነ፣ ለቤቱ መሀል በሚቀርብ ቦታ ማስቀመጥ ከአዲስ አንቴና ይበልጣል። ኮንዶሚኒየም ውስጥ ደግሞ ጠላቱ ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ ጎረቤትም አለ። በ2.4 ጊጋኸርዝ ላይ እርስ በርስ ሳይነካኩ ጎን ለጎን እንድንጠቀምባቸው የሚመከሩት ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፤ 1፣ 6 እና 11። ሃያ ቤት ሦስት መንገድ ላይ ሲጋፋ ምን እንደሚሆን ታክሲ ሰልፍ የቆመ ሁሉ ያውቃል።

እሺ፣ ተለክቶ ተለክቶ ራውተሩ በእርግጥ ሞቷል እንበል። ምን ይገዛ? ሻጩ የሚያሳየን የአንቴናውን ብዛትና ሳጥኑ ላይ ያለውን ቁጥር ነው። አንቴና ሲበዛ የራውተሩ ድምፅ ይጎላ ይሆናል፤ ግንኙነት ግን የሁለት ወገን ንግግር ነው፤ ራውተሩ እየጮኸ ስልካችን ከጓዳ የሚመልሰው በሹክሹክታ ነው። ሳጥኑ ላይ «1200» የሚለውም የሁለት ሬዲዮዎች ድምር ነው፤ በ2.4 ጊጋኸርዝ 300፣ በ5 ጊጋኸርዝ 867፣ ተጠጋግቶ 1200። ስልካችን አብዛኛውን ጊዜ በአንዱ ብቻ ነው የሚሠራው፤ በተግባር የሚደርሰውም ከዚያ ያነሰ ነው። ውሉ የ10 ሜጋ ቢት ሆኖ ሳለ 1200 መግዛት ለአንድ ጣሳ ውሃ በርሜል መሸከም ነው።

እኔ ብጠየቅ የምጠይቀው አራት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከመስመሩ ዓይነት ጋር ይስማማል ወይ? ለስልክ መስመር፣ ለፋይበርና ለሲም ካርድ የሚሆኑት የተለያዩ ናቸው። ሁለተኛ፣ 2.4ም 5ም ጊጋኸርዝ አለው ወይ? አምስቱ መጨናነቁ ይቀንሳል፣ ግድግዳ ግን ቶሎ ያደክመዋል፤ ስለዚህ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ሦስተኛ፣ በ12 ቮልት ይሠራል ወይ? የ12 ቮልት ትንሽ ባትሪ ገበያ ላይ በቀላሉ ስለሚገኝ መብራት ሲሄድ ሥራ አይቋረጥም። አራተኛውና ዋነኛው፣ አምራቹ ለዚያ ሞዴል አሁንም የሶፍትዌር ማሻሻያ ያወጣል ወይ?

አራተኛው ለምን ዋነኛ ሆነ? እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 21 ቀን 2016 ዳይን በተባለው የዲ.ኤን.ኤስ ድርጅት ላይ በደረሰው ጥቃት እነ ትዊተርና ኔትፍሊክስ ለሰዓታት ተቸግረው ነበር። በጥቃቱ ከተሳተፉት መካከል ሚራይ በተባለው ተንኮል አዘል ፕሮግራም የተያዙ ካሜራዎችና ራውተሮች ነበሩ፤ ፕሮግራሙ የገባባቸውም ባለቤቶቹ ባልቀየሩት የፋብሪካ ይለፍ ቃል ነው። በ2018 እ.ኤ.አ. ደግሞ ቪፒኤንፊልተር የተባለው ቢያንስ 500,000 ራውተሮችንና የመረጃ ማስቀመጫዎችን እንደያዘ ተገለጠ። አጥፍቶ ማብራት ከፊሉን ያስወጣው ነበር፣ ሥሩን ግን አይነቅለውም። ስለዚህ በመጀመሪያው ቀን የአስተዳዳሪውን የይለፍ ቃል መቀየር፣ ዋይፋዩን ቢያንስ በደብሊው.ፒ.ኤ 2 መዝጋት ግዴታ ነው። ይህን የማይችል ወይም ማሻሻያው የተቋረጠ ራውተር ካለ፣ ያኔ እኔም «ይቀየር» እላለሁ። አንዳንድ ጓደኞቼ «ጊዜም ገንዘብ ነው፣ ምን አስለካህ፣ ቀይረህ ገላገል» ይሉኛል። አሥር ደቂቃ የሚቆጥበው ግን ተማሪው ነው፣ የሚከፍለው ሌላ ነው።

ለትምህርት ክፍላችን አንድ ሐሳብ በማቅረብ ላብቃ። በቤተ ሙከራችን አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሜትር፣ ጥቂት ደህና አዳፕተሮችና አንድ የኔትወርክ ገመድ ይመደቡ። ከላይ ያሉትን ጥያቄዎች በአንድ ገጽ አማርኛ ጽፈን እንለጥፍ፤ የሚፈልግ ይዞት ወደ ሰፈሩ ይሂድ። ወጪው እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ቀጣዩ ሰው «ኔትወርክ የለም» ሲለን «የቱ ጋ?» ብለን መጠየቅ ከቻልን፣ የተማርነው ለፈተና ብቻ አለመሆኑን ያን ቀን እናሳያለን።