ሎሚና ቢራቢሮ

ከሥራ ውላችሁ ስትመለሱ በጣሳ ተክላችሁ ያሳደጋችሁት የሎሚ ችግኝ ቅጠሉ ተበልቶ ብታገኙት ምን ታደርጋላችሁ? ብዙዎቻችን ለበረሮ የገዛነውን መርዝ አንስተን እንረጫለን። ነገር ግን ያንኑ ቅጠል በቤት የዋለው ሕፃን ይነካዋል፤ ፍሬውንም ለሻይ እንጨምቀዋለን። ስለዚህ በመጀመሪያ በላተኛው ማን እንደ ሆነ እንወቅ።

ይህ ትል አብዛኛውን ጊዜ በሳይንስ ስሙ ፓፒሊዮ ዴሞዶከስ የሚባለው፣ በጥቁር ክንፉ ላይ ቢጫ ነጠብጣብ ያለበት ትልቅ ቢራቢሮ ልጅ ነው። እናቲቱ እንቁላሎቿን በለጋ ቅጠል ላይ አንድ አንድ እያደረገች ትጥላለች። ትሉ በመጀመሪያ የወፍ ኩስ ይመስላል፤ ከፍ ሲል አረንጓዴ ይሆናል። ሲነኩት ከራሱ ጀርባ መንታ ቀንድ የመሰለ ነገር አውጥቶ ይሸታል እንጂ፣ እንደ ጠጉራሙ አባጨጓሬ አያሳክክም።

ሁለቱን እናነጻጽራቸው። ሎሚ ከተተከለበት ሳይነቃነቅ ከፀሐይ ብርሃን፣ ከአየርና ከውሃ ምግቡን ራሱ ይሠራል። ቢራቢሮ ግን ምግብ መሥራት ስለማይችል በልጅነቱ ቅጠል፣ ካደገ በኋላ የአበባ ማር ይፈልጋል። ሎሚ ብዙ ዓመት ይኖራል፤ የቢራቢሮ ዕድሜ ክንፍ ካወጣ በኋላ የሳምንታት ነው። የሎሚ ቅጠል ሽታ ብዙ ነፍሳትን ያርቃል፤ ለዚህ ቢራቢሮ ግን ልጆቹ የሚያድጉበትን ቤት ያመለክተዋል።

የሚመሳሰሉበትም ነገር አለ፤ ሁለቱም በልጅነታቸው ጥበቃ ይሻሉ። ትልቅ የሎሚ ዛፍ ጥቂት ትሎች ቢበሉት መልሶ ያቆጠቁጣል። ችግኝን ግን ሁለት ሦስት ትሎች ሊያራቁቱት ይችላሉ። ስለዚህ ችግኛችሁን ጠዋት ጠዋት እያያችሁ ትሉን በእጅ ልቀሙት፤ በግቢው ትልቅ ዛፍ ካለ ወደዚያ አዛውሩት። መርዙ ግን አበባውን የሚጎበኙትን ንቦች ጭምር ስለሚጎዳ አያስፈልግም።

አንዱን ትል ደግሞ ለልጆቻችሁ ተዉላቸው። አፈ ሰፊ ጠርሙስ ውስጥ ከቀጭን እንጨት ጋር አድርጋችሁ በስስ ጨርቅ ሸፍኑት፤ ልጆቹም በየቀኑ ትኩስ የሎሚ ቅጠል ይስጡት። ትሉ ሲጠግብ ራሱን በክር ከእንጨቱ ጋር ያስራል፤ መብላትም ያቆማል። ልጆቹ ሞተ ብለው እንዳይጥሉት ንገሯቸው። ከሁለት ሳምንት በላይ ሊቆይ ይችላል። ቢራቢሮው ሲወጣ ክንፉ የተጨማደደ ነው፤ ተንጠልጥሎ እስኪዘረጋውና እስኪያደርቀው ድረስ ማንም አይንካው። ከዚያ በኋላ ጨርቁን ልጆቹ ራሳቸው ይክፈቱለት።