ነጥቡ ሕክምና መከልከያ አይሁን

ሐኪሙ ከክፍሉ ሲወጣ ቤተሰብ ኮሪደር ላይ ጠብቆ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል፤ «ዶክተር፣ እውነቱን ይንገሩን፤ ይተርፋል?» በፍጥነት በሚዛመተው የንፍፊት ካንሰር (ሊምፎማ) ላይ ሐኪሙ ለመልሱ የሚንተራስበት ስሌት አለው። እ.ኤ.አ. በ1993 ይፋ የሆነው ዓለም አቀፍ የትንበያ መለኪያ አምስት ነገሮችን ይቆጥራል፦ ዕድሜ ከ60 ማለፉን፣ በደም ውስጥ ኤልዲኤች የተባለው ኢንዛይም መጨመሩን፣ የታማሚውን አቅም መዳከም፣ በሽታው ደረጃ ሦስት ወይም አራት መድረሱን፣ ከንፍፊት ውጭም ከአንድ በላይ ቦታ መያዙን። ለእያንዳንዱ አንድ ነጥብ ይያዛል።

አቋማችን ይህ ነው። ነጥቡ ይሰላ፤ ታማሚው ማወቅ ከፈለገም በግልጽ ይነገረው። ነጥቡ ከፍ አለ ተብሎ «ገንዘባችሁን አትጨርሱ፣ ቤት ውሰዱት» ማለት ግን ስህተት ነው።

መለኪያው የተሠራው እ.ኤ.አ. ከ1982 እስከ 1987 በአሜሪካ፣ በካናዳና በአውሮፓ ከታከሙ ከ2 ሺህ በላይ ሰዎች መረጃ ነው። አራትና አምስት ነጥብ ካላቸው አምስት ዓመት የኖሩት 26 በመቶ ነበሩ። ያኔ ሪቱክሲማብ የተባለው የሊምፎማ መድኃኒት አልነበረም። መድኃኒቱ ከኬሞው ጋር መሰጠት ከጀመረ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2007 ከካናዳዋ ብሪትሽ ኮሎምቢያ የወጣ ጥናት ሦስትና ከዚያ በላይ ነጥብ ካላቸው 55 በመቶው አራት ዓመት መኖራቸውን አሳየ። በዚያ በፊተኛው ቁጥር ተስፋ ተቆርጦባቸው ቢሆን ኖሮ፣ ከእነዚህ ስንቶቹ በከንቱ በሞቱ!

እኛ ዘንድ ደግሞ ሌላ ነገር አለ። አንገት ላይ እብጠት ሲወጣ ቀድሞ የሚጠረጠረው የእጢ ቲቢ ነው፤ በሽታው ብዙ ነውና ጥርጣሬው አያስወቅስም። ናሙና ሳይወሰድ ወራት ካለፉ ግን ሊምፎማው ይሰራጫል፣ ኤልዲኤች ይጨምራል፣ ጉልበት ይከዳል። ከአምስቱ መካከል መዘግየት የማይነካው ዕድሜን ብቻ ነው ማለት ይቻላል። አራት ነጥብ ይዞ የደረሰ ታማሚ ደጅ ሲጠና የቆየበት ጊዜም አብሮ ተቆጥሮበታል። እሱኑ በዚያ ነጥብ መልሶ መቅጣት አይገባም።

ስለዚህ ሆስፒታሎች ከነጥቡ ጎን ሁለት ቀኖች በካርዱ ላይ እንዲጽፉ እንጠይቃለን፦ እብጠቱ መጀመሪያ የታየበትንና ናሙናው የተወሰደበትን። በቲቢ መድኃኒት እብጠቱ ያልቀነሰለት ሰው ኮርሱን እስኪጨርስ አይጠበቅ፤ ናሙናው ይወሰድለት። ሪቱክሲማብ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ነው፤ የመድኃኒት ግዥ ኃላፊዎችም እንዲሁ ይቁጠሩት።